ንጉሠ ነገሥቱ ቶሎ የተነሡበት ወንበር

ይህን የምጽፍላችሁ ተቀምጬ ነው። ትንሽ ወደ ግራ ጋደል ብያለሁ፤ ምክንያቱን እዚያው ስንደርስ ትሰሙታላችሁ። ለእናንተ መቀመጥ ምንም ላይሆን ይችላል። እኔ ግን ባለፉት ሳምንታት ለአንድ ወንበር ስል ያልቆምኩበት ቦታ የለም። ሚኒባስ ውስጥ ቆሜያለሁ፣ አማቴ ደጃፍ ቆሜያለሁ፣ ከንጉሥ ፎቶግራፍ ፊት ለፊት ከጠዋት እስከ ማታ ቆሜያለሁ። እግሬ አፍ ቢኖረው ኖሮ ይከሰኝ ነበር፤ ይረታኝም ነበር።

ሥራዬ ነቀምቴ ውስጥ፣ ሁለት ክፍልና አንድ በረንዳ ባላት ትንሽ ቤተ መዘክር ነው። በወረቀት ላይ የቅርስ ባለሙያ እባላለሁ። በተግባር ግን በር ከፋች፣ አቧራ ጠራጊ፣ አስጎብኚና ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ ደጋኝ ነኝ። ወላጆቼ በድርቁ ጊዜ ከወሎ መጥተው ኡኬ አጠገብ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። እኔ ደግሞ ከቢላ ወጣ ብላ ካለች መንደር የኦሮሞ ልጅ አገባሁ። ስለዚህ ቤቴ ውስጥ በሁለት ቋንቋ እወቀሳለሁ፣ ሁለቱንም ጥርት አድርጌ እሰማለሁ።

ነገሩ የጀመረው ኃላፊያችን ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ሕይወትና ዘመነ መንግሥት ዐውደ ርእይ እናሳያለን ያሉ ዕለት ነው። ከአዲስ አበባ ሠላሳ ያህል ፎቶግራፎች በካርቶን ታሽገው መጡ። ንጉሡ በልጅነታቸው፣ ንጉሡ ዘውድ ሲጭኑ፣ ንጉሡ ከውሻቸው ጋር፣ ንጉሡ ትምህርት ቤት ሲመርቁ፣ ንጉሡ ሌላ ትምህርት ቤት ሲመርቁ። ስሰቅላቸው ልብ ያልኩት አንድ ነገር ቢኖር በአብዛኞቹ ላይ ሰውዬው ቆመዋል። ያኔ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም፤ መሰላል ላይ ነበርኩ።

ኃላፊያችን ዞር ዞር ብለው አዩና ፎቶ ብቻውን አይበቃም አሉ። ከራሳችን አካባቢ የተገኘ፣ ሰው ጠጋ ብሎ የሚያየው አንድ ዕቃ ፈልግ፤ ስታገኘው «መንካት ክልክል ነው» ብለህ ጻፍበት አሉኝ። ይህን ካሉ በኋላ ለስብሰባ ወጡ። የእኛ ኃላፊ ትእዛዝና ስብሰባ ተከታትለው ነው የሚመጡባቸው።

ወሬው ከተማው ውስጥ እንደተሰማ ያልመጣ ነገር የለም። አንዷ ሴትዮ ንጉሡ እጃቸውን የታጠቡበት ጆግ ነው ብለው የፕላስቲክ ጆግ አመጡ። ከገበያ በኩል ያለው የጉራጌ ባለሱቅ፣ ወዳጄ ነው፣ ንጉሡ በመኪና ሲያልፉ አባቱ ያውለበለበውን መሐረብ ይዞ መጣ፤ መሐረቡ ላይ የእግር ኳስ ቡድን ስም ነበረበት። አንድ ገበሬ ደግሞ ከኡኬ ማዶ በቅሎውን እየጎተተ መጣና ይህች በቅሎ ከንጉሡ በቅሎ የተወለደች ናት አለኝ። በቅሎ እንደማትወልድ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ሰውዬው ስንት ሰዓት እንደተጓዘ አስቤ መልሼ ዘጋሁት። በቅሎዋን ግን አደነቅኩለት፤ የምትደነቅ በቅሎ ነበረች።

ማታ ቤት ገብቼ እግሬን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ ስነጫነጭ ባለቤቴ ከማድ ቤት ሆና፣ የአባቴ ቤት ያለው ወንበርስ አለችኝ። ወንበሩን ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አይቼዋለሁ። አማቴ ቤት በሄድኩ ቁጥር እኔ በርጩማ ላይ፣ እሱ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ጥግ ላይ፣ ፊት ለፊት ተያይተን ነው የምናመሸው። ለምን እንዳልጠየቅኩ ብትሉኝ፣ አማት ቤት ሰው አይለምንም፤ ታሪኩም የሚያስደስት ታሪክ አይደለም።

ታሪኩ ይህ ነው። ንጉሡ በዘመናቸው ወለጋን ሲጎበኙ በዚያች መንደር በኩል እንደሚያልፉ ተነገረ። ያኔ መንደሩ ውስጥ ያለው መቀመጫ ሁሉ መደብና በርጩማ ነበር። ለንጉሥ በርጩማ አይቀርብም ተባለና የመንደሩ አናጢ በአንድ ቀን ወንበር ሠርቶ እንዲያደርስ ታዘዘ። ሠራ፤ መቀመጫውንም ቀይ ከፋይ አለበሰው። ንጉሡን በግቢያቸው የሚቀበሉት የአማቴ አባት ስለነበሩ፣ ከንጉሡ ቀድሞ ማንም ሰው እንዳይቀመጥበት ራሳቸው ወንበሩን ሲጠብቁ ዋሉ። ኪሳቸው ውስጥ አንዲት አቤቱታ ነበረች። ክረምት በመጣ ቁጥር መንደሩን ከገበያው በሚቆርጠው ወንዝ ላይ ድልድይ ይሠራልን የምትል አቤቱታ ናት።

ንጉሡ መጡ፣ ተቀመጡ። አማቴ ኦቦ ቶሌራ፣ ያኔ ጎረምሳ ናቸው፣ ማሩን በሳህን ይዘው ቀረቡ። ንጉሡ ማሩን ሳይቀምሱ፣ አቤቱታዋም ከኪስ ሳትወጣ፣ ብድግ አሉ። «ጊዜ የለንም» ብለው ወደ መኪናቸው ሄዱ። አለቀ፤ ከመቀመጥ እስከ መነሣት አንድ ሰው ጫማውን የሚያስርበት ጊዜ እንኳ አልሆነም ይላሉ።

ከዚያ ወዲህ መንደሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የነበረው፤ ምን አስቀየማቸው? ማሩ ሰፈፍ ነበረበት ያለ አለ። አባትየው ንጉሡ ፊት ላይ ሳሉባቸው ያለ አለ። ሳህኑን የያዘው ልጅ በግራ እጁ ነው የሰጠው ያለም አለ። የአማቴ አባት «ምን አጠፋሁ?» እያሉ ኖረው «ምን አጠፋሁ?» እያሉ ሞቱ። ድልድዩ ሳይሠራ ቀረ፤ መንደሩ ዛሬም ግንድ ያጋድማል፣ ክረምት ግንዱን ይወስደዋል። ግንዱ በተወሰደ ቁጥር የአናጢው ልጅ ኦቦ ገመቹ ወንዙ ዳር ቆመው ለአማቴ ያችኑ አንድ ነገር ይሏቸዋል፤ አባቴ ወንበሩን ሠራ፣ አባትህ ድልድዩን አሳጣን። ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው፣ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ አብረው ይበላሉ፣ ለቅሶ አብረው ይሄዳሉ፤ ግን ይህች ነገር አልቀረችም።

እኔ እንግዲህ ይህን ወንበር ልዋስ ሄድኩ። አማቴ ደጃፍ ቆሜ፣ በእኛ ዘንድ አማች ተቀመጥ ሳይባል አይቀመጥምና፣ ቆሜ ተናገርኩ። ኦቦ ቶሌራ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ደጃፉ ወጡ። ከዚያ በሁለት ነገር ከማልክልኝ ውሰደው አሉ። አንደኛ፣ ሰው እንዳይቀመጥበት። ሁለተኛ፣ ወንበሩ ላይ በሚለጠፈው ወረቀት ንጉሡ ለረጅም ጊዜ ተቀምጠውበታል ተብሎ እንዲጻፍ። የመንግሥት ወረቀት እንዲህ ካለ ገመቹ አፉን ይይዛል አሉ። ይህን ሲሉ ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዙረው ነበር፤ የጠየቁኝ ነገር ትንሽ እንዳልሆነ ገባኝ። ማልኩ። ምን ላድርግ፣ ልጃቸውን አግብቻለሁ።

ወንበሩን ጣሪያ ላይ መጫን እንደ ስድብ ስለሚቆጠር ሚኒባሱ ውስጥ፣ መቀመጫ ላይ አስቀመጥኩት። ረዳቱ ወንበር ሲቀመጥ ሰው ሲቆም በዕድሜዬ አላየሁም አለ። እኔ ጎንበስ ብዬ፣ አንገቴን ከጣሪያው ጋር አጣብቄ፣ ወንበሩን በሁለት እጄ ደግፌ ነቀምቴ ገባሁ። በየፌርማታው የሚሳፈር ሰው ሁሉ ወንበሩን ያይና ሊቀመጥበት ይጠጋል፤ እኔ ይቅርታ የንጉሥ ነው እላለሁ፤ ሰዉ እኔንም ወንበሩንም ያየንና ወደ ኋላ ይሄዳል። ከመናኸሪያው በባጃጅ ላኩት። ባጃጇ የወንበሩን እግርና የእኔን እግር አብራ መያዝ ስላልቻለች እኔ ከኋላ በእግሬ ተከተልኩ። ከተማው ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ በዚያች ቀን መንገድ ላይ ነበር።

ወረቀቱ ላይ ምን ልጻፍ? ለረጅም ጊዜ ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው፤ ቤተ መዘክር ውስጥ ውሸት መስቀል አልወድም፣ በመሐረቡ እንኳ አልተስማማሁም። ለአጭር ጊዜ ብዬ ብጽፍ አማቴን እገድላለሁ። ሁለት ቀን አሰብኩና መሥሪያ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ብቻ የሚያገኘውን ቃል አገኘሁ። «ግርማዊነታቸው ለተወሰነ ጊዜ የተቀመጡበት ወንበር» ብዬ በአማርኛም በኦሮምኛም ጻፍኩ። ለተወሰነ ጊዜ የማይስማማው ነገር የለም። መብራት የሚጠፋው ለተወሰነ ጊዜ ነው፣ ውሃም እንደዚሁ።

ዐውደ ርእዩ ተከፈተ፣ ተመረቀ፣ ንግግር ተደረገ። ምረቃው ሲያልቅ ኃላፊያችን የቤተ መዘክሩን ወንበሮች በሙሉ ለሌላ ስብሰባ አስጭነው ወሰዱ፤ የጥበቃ ሠራተኛውም ወንበሮቹን ተከትሎ ሄደ። በቤቱ ውስጥ የቀረነው ሠላሳ የንጉሥ ፎቶ፣ በገመድ የታጠረ አንድ ወንበርና እኔ ነን። ጎብኚ አለ፤ ተማሪ ይመጣል፣ ከገበያ የሚመለስ ሰው ይመጣል፣ የሚሸሸግበት ያጣ ፍቅረኛም ይመጣል። ሁሉም ወንበሩ ጋ ሲደርስ አንድ እጁን ሊዳስስ ይዘረጋል፤ እኔ ጠጋ እላለሁ፣ እጁ ይመለሳል። በሦስተኛው ቀን እንቅልፍ ቆሜ ወሰደኝ።

በአምስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ዝናብ መጣ፤ የወለጋ ዝናብ ነው፣ መንገድ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ ወደ ቅርቡ በር የሚያስገባ። በእኛ በር አንዲት አሮጊት ገቡ። ሻሻቸው ረጥቦ፣ በእጃቸው የሐኪም ወረቀት በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል። አነጋገራቸውን ስሰማ የእናቴ አገር ሰው ናቸው፤ እማማ ዘሃራ ይባላሉ፣ እንደ እኛው ከወሎ መጥተው የሰፈሩ። ሆስፒታል ከንጋት ጀምሮ ተሰልፈው ነገ ይምጡ ተብለዋል። ዝናቡ እስኪያባራ ነው ልጄዋ አሉኝና ግድግዳውን ተደገፉ። ቀና ብለው ዘውድ የጫኑትን ፎቶ አዩ፤ እኒህ ሰውዬ ደኅና ናቸው ወይ አሉኝ። ደኅና ናቸው አልኩ፤ ከዚህ በላይ ለማስረዳት ጉልበት አልነበረኝም።

ጉልበታቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እዚህ ላይ እንድትፈርዱብኝ አልፈልግም፤ ፍረዱብኝም ካላችሁ መጀመሪያ እናታችሁን ጠይቁ። አሮጊት ቆማ እያየ ዝም የሚል ልጅ እኔ ባደግኩበት ቤት በኩርኩም ነው የሚነቃው። ጭንቅላቴ ስለ መሐላው ገና ሳያስብ እጄ ገመዱን አነሣ፤ ሌላው እጄ ወንበሩን በኮቴ እጅጌ ጠረገ። አፌ ደግሞ በራሱ ጊዜ «ይቀመጡ እማማ» አለ። ለአምስት ቀን ተማሪውንም ሹሙንም ስከለክል የነበርኩ ሰው፣ ክንዳቸውን ይዤ የንጉሡ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው።

እማማ ዘሃራ ቁጭ እንዳሉ ምርቃት ጀመሩ። ዕድሜህን ያርዝመው ብለው ልጆችህን የሚለው ጋ ሲደርሱ ምርቃቱን ቆርጠው፣ ያ የሚንቀጠቀጥ ጉልበት እንደ ኮረዳ ጉልበት ሆኖ፣ ዘለው ተነሡ።

«አንት ልጅ፣ ሚስማር ላይ ነው እኮ ያስቀመጥከኝ!»

ይህን ሰምቼ ዞር ስል በሩ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ዝናብ እያንጠባጠቡ ቆመዋል። አንዱ አማቴ ናቸው፤ አንዱ ኦቦ ገመቹ። አማቴ ወረቀቱን በዓይናቸው እንዲያነቡ ኦቦ ገመቹን ይዘዋቸው ከቢላ በጠዋቱ መኪና መጥተዋል። ከገመዱ ማዶ ባዶ ወንበር ሊያሳዩአቸው ነበር፤ ያዩት አንዲት አሮጊት መቀመጫቸውን እያሻሹ ነው። በዚያች ደቂቃ ሥራዬንም፣ ትዳሬንም፣ ቢላ የምሄድበትንም መንገድ ቀበርኩ። ማልቀስ ነው ያማረኝ።

ኦቦ ቶሌራ ግን እኔን አላዩኝም። በዝግታ መጥተው ከእማማ ዘሃራ ፊት ቆሙ። ምን አሉ አዮ፣ እናቴ፣ እስቲ ይድገሙልኝ አሏቸው። እማማ ዘሃራ ቅሬታ የሚሰማ ሹም መጣ ብለው ስለተጽናኑ በዝርዝር አስረዱ፤ ሚስማር ነው፣ መሐሉ ላይ ነው፣ ትንሽም አይደለም፣ ልጁ ጥሩ ልጅ ነው ግን ወንበሩን አያውቀውም አሉ።

አማቴ መዳፋቸውን በቀዩ ከፋይ ላይ አስኬዱ። መሐል ሲደርስ መዳፋቸው ቆመ። ከዚያ የኦቦ ገመቹን እጅ ይዘው እዚያው ላይ አሳረፉት። ኦቦ ገመቹ ጨርቁ ነው የተጨማደደው አሉ። ለማረጋገጥም ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ እንደ ሹም ደልደል ብለው ተቀመጡ። ወዲያው ተነሡ። ፊታቸው ቀላ፤ በሩን አዩ፣ ዝናቡን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ጊዜ የለንም ቶሌራ፣ እንሂድ፤ መኪና ያመልጠናል» አሉ።

ይህች ቃል ከአፋቸው እንደወጣች ሦስታችንም ደነገጥን። ከዚያ ቀን በፊት በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ልክ እንደዚህ ተነሥቶ ይህንኑ ነው ያለው። ከእሱ በፊት ማንም እንዳይቀመጥ ተጠብቆ ነበር፤ ከእሱ በኋላም ማንም አልደፈረም። ስናከብረው ስናከብረው፣ ሚስማር እንዳለው የሚነግረን ሰው አጣን። ሠላሳውን ፎቶ ዞር ብዬ አየሁ። ከልደት እስከ ፍጻሜ የሰቀልኩትን ሰውዬ ያወቅኳቸው ያኔ መሰለኝ፤ በአንድ ቀን የተሠራ ወንበር ወግቷቸው፣ ያቀረቡላቸው ሰዎች እንዳያፍሩ ጊዜ የለንም ብለው የሄዱ ሰው። ያቀረቡላቸው ሰዎች ግን ዕድሜ ልካቸውን አፈሩ።

ኦቦ ቶሌራ ከዘራቸውን ተደግፈው አለቀሱ። ሽማግሌ ሲያለቅስ ድምፅ የለውም፤ ትከሻቸው ብቻ ነበር የሚነቃነቀው።

«አባቴ ምንም አላጠፋም» አሉ። «ማሩም ደኅና ነበር። እኔም በቀኝ እጄ ነው የያዝኩት።»

ኦቦ ገመቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው አዟዟሩት። አሁን ተራው የማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ አማቴ ያን ሁሉ ክረምት የሰሟትን ነገር ገልብጠው ቢመልሱላቸው ማንም አይፈርድባቸውም ነበር። ኦቦ ገመቹ ቀድመው፣ አባቴ ተቻኩሎ ነው፣ በአንድ ቀን ነው ያሠሩት አሉ፤ ድምፃቸው የተጣላ ሕፃን ድምፅ ሆኗል።

«አውቃለሁ» አሉ አማቴ። «ቆንጆ ወንበር ነው የሠራው።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያይዘው በረንዳው ላይ ቆሙ፤ ዝናቡን እያዩ በኦሮምኛ ቀስ ብለው አወሩ። ምን እንደተባባሉ ሰምቼ ነበር፤ አልነግራችሁም። እማማ ዘሃራ ዝናቡ ሲያባራ ምርቃቱን ካቆሙበት ጨረሱልኝና ሄዱ።

በማግስቱ ኃላፊያችን ከስብሰባ ሲመለሱ ሚስማሩን ነቅለህ ወንበሩን አስተካክል አሉኝ። ጉዳዩን ለአማቴ በስልክ ነገርኳቸው። ሚስማሩ አይነቀልም፣ እሱ ነው ምስክሬ አሉ። ስለ «ለረጅም ጊዜ»ም ስለ «ለተወሰነ ጊዜ»ም ደግመው አላነሡም፤ እውነቱን ጻፍ ብቻ አሉኝ። ወረቀቱን ቀየርኩ። «ግርማዊነታቸው ለጥቂት ጊዜ የተቀመጡበት ወንበር። ሚስማር አለው።» ከዚያ ወዲያ ወንበሩን የሚነካ ሰው አልነበረም፤ መንካት ክልክል ነው የሚለው ያላስቆመውን ሕዝብ ሚስማር አለው የሚለው አስቆመው።

ዐውደ ርእዩ ሲዘጋ ወንበሩን በዚያው ሚኒባስ፣ በዚያው አኳኋን ጎንበስ ብዬ መለስኩት። ግቢው ሞልቶ ጠበቀኝ። ኦቦ ቶሌራ ወንበሩን ከቤት ጥግ አስወጥተው ነጩን ጨርቅ ጥለው መሐል ላይ አኖሩት። መንደሩ ተራ በተራ እየተቀመጠ ይነሣል፤ ማሩ ደኅና እንደነበር የሚመሰክረው በአፉ አይደለም። ኦቦ ገመቹ አጠገቡ ቆመው ተራ ያስከብራሉ። በሚቀጥለው ክረምት ለወረዳው ስለሚያስገቡት የድልድይ አቤቱታም ያወራሉ፤ ሹሙ ሲመጣ በርጩማ ነው የምናቀርብለት ተባብለዋል።

እኔ እንደ ልማዴ በር ላይ ቆሜያለሁ። ወንበሩን ተሸክሜ ከመኪና መንገዱ ወዲህ በእግሬ ነው የመጣሁት። እግሬ የእኔ መሆኑን ትቶ ነበር። አማቴ ከሰው መሐል አዩኝ፤ ፊታቸው በራ። ሕዝቡን በከዘራቸው ገለጥ አደረጉና፣ በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ጠርተውኝ በማያውቁት ድምፅ ጠሩኝ።

«ሶዳ፣ አማቼ» አሉኝ፣ ወንበሩን በእጃቸው እያሳዩኝ፤ «ታኢ፣ ተቀመጥ። አንተ ደክመሃል።»

አማች ተቀመጥ ሲባል አይቆምም። ተቀመጥኩ፤ ለተወሰነ ጊዜ።